እጅ የማይታይበት ምርቃት

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ዳቦውን ስምንት ቦታ ቁረጪው። ሦስቱን ለወንድምሽ ስጪው። አሁን በእጅሽ ምን ያህል ቀረሽ?» ስትል ሰማሁ። አውራ ጣቷን ከስልኩ ላይ አንስታ ትንሽ አሰበችና መልሳ ተጫነችው። «ወንድምሽ ግን አነሰኝ ብሎ አኩርፏል። አንድ ቁራጭ ጨምሪለት። አሁንስ?»

ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አንገቱን አዙሮ፣ «እትዬ፣ ዳቦው ሳያልቅ ለእኔም አስቀሩልኝ» አላት። የመኪናው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። «የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ነው። ከፈለግህ አንተንም እመዘግብሃለሁ» ስትለው፣ እኔ የማውቀው ሒሳብ ይኼ ነው ብሎ የጉዞውን ሒሳብ መሰብሰብ ያዘ።

አጠገቧ ያለው ወንበር ክፍት ነበርና ተጠጋሁ። ሰይዳ ትባላለች። ቆቦ ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች፤ ወልድያ የወጣችው ክርና ዚፕ ልትገዛ ነው። ኅዳር 2012 ነበር፤ ማሽላው በመንገዱ ግራና ቀኝ ራሱ ከብዶት አጎንብሷል። ጨዋታ ለጠማው መንገደኛ ሰይዳን የመሰለ ጎረቤት አይገኝም። ዳቦውን ለማን እንደምትቆርስ ብጠይቃት፣ ጎብዬ ሳንደርስ የጀመረችውን ቆቦ መናኸሪያ ስንገባ ጨረሰችው።

ሰይዳ ልጇን ኢቅራን ከትምህርት ቤት ያስቀረችው ወድዳ አይደለም። ኢቅራ ከተወለደች ጀምሮ አጥንቷ ስስ ነው። ሌላው ልጅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ በሚነሳበት ቦታ እሷ በጀሶ ትነሳለች። ሁለተኛ ክፍል ሳለች የዕረፍት ደወል ተደውሎ ልጁ ሁሉ እንደ ግሪሳ ወፍ በአንድ በር ግር ብሎ ሲወጣ ጭኗ ተሰበረ። ድና ተመለሰች። ዓመቱ ሳይወጣ ደግሞ እጇ ተሰበረ። ያን ጊዜ ሰይዳ በቃ አለች። ባሏ በድረዲን አይሱዙ ይዞ ወደ አፋር የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ ሲመለስ ልጁን በጀሶ ተጠቅልላ ቢያገኛት እሱም በቃ አለ። ባልና ሚስቱ ያለ ክርክር የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው ትላለች ሰይዳ።

እሷ ራሷ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። መጻሕፍቱን ከዘመድ ልጆች እየለመነች፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ምንጣፍ አንጥፋ ልጇን ማስተማር ጀመረች። ደንበኛ ሲመጣ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ደንበኛው ሲሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ኢቅራ ሜትርና ሳንቲ ሜትርን የተማረችው በሰው ወገብ ነው። የተማረችውንም ጮክ ብላ ስለምታነብ፣ የወገባቸውን ልክ ሕዝበ አዳም የሰማባቸው ሁለት ሦስት ወይዛዝርት ፊታቸውን ወደ ሌላ ሰፊ አዙረዋል። ሰይዳ ግን አልከፋትም። ልጄ ቁጥር ካወቀች ወገብ የትም ይለካል አለች።

የከፋት እንግሊዝኛው ላይ ሲደርሱ ነው። እዚያ ላይ ክሩ አለቀባት። መጽሐፉን ገልጣ ታየዋለች፣ መጽሐፉም ያያታል።

ከዚህ ያወጧትን ሁለት ሰዎች ያገኘቻቸው ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ወልድያ ለሐኪም ቀጠሮ ኢቅራን ይዛ ሄዳ ተራ ስትጠብቅ፣ በአንድ ጎኗ ከዋጃ የመጣች ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ተቀምጣለች፣ በሌላው ጎኗ አያ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ የጎብዬ አዛውንት አሉ። ጥሩወርቅ ዋጃ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ልጇ ናትናኤል የልብ ሕመም ስላለበት ሐኪሙ እንዳይሮጥ ከልክሎታል፤ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ውሎ አለመሮጥ ደግሞ የማይቻል ነገር ነው። አያ ወልደ ሚካኤል ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ሊድያ ማሽላ ስትጠብቅ ከማማ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተጎድቶ ዓመት ሙሉ ተኝታለች፤ አሁን በክራንች ትሄዳለች፣ ትምህርት ቤቱ ግን ለክራንች ሩቅ ነው።

ሦስቱም ልጆቻቸውን እቤት እንደሚያስተምሩ ተጨዋወቱ። ወሬው ቀጥሎ እያንዳንዱ የማያውቀውን ወደ መናዘዝ ሄደ። ሰይዳ ሒሳቡን ትችለዋለች፣ እንግሊዝኛው ገደላት። ጥሩወርቅ በልጅነቷ ደሴ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ስትቀበል ስለኖረች እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፣ ሒሳብ ግን የደንበኛ ሒሳብ መጠየቂያ ካልሆነ አይገባትም። አያ ወልደ ሚካኤል ደግሞ ሊድያን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ ታሪኩንም ወንዙንም ተራራውንም እነግራታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለእኔም ጨለማ ነው አሉ። ከዚያም ሁለቱን ሴቶች በየተራ አዩአቸው።

«ታዲያ ይኼ ወንፈል ነው እንጂ ምኑ ይጨንቃል?» አሉ። «ዛሬ የአንቺን እናርም፣ ነገ የአንቺን፣ ከነገ ወዲያ የእኔን።»

ወንፈል ማለት ገበሬ ጉልበቱን የሚበዳደርበት ነው፤ ዛሬ ለጎረቤቱ ያረመ ሰው ነገ ጎረቤቱ ያርምለታል። ችግሩ የጎብዬ፣ የቆቦና የዋጃ ማሳ አንድ ቦታ አይደለም። አጥንቷ ስስ የሆነ፣ ልቡ የደከመና ክራንች የያዘች ልጅ በየቀኑ በሚኒባስ አይጫኑም። ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ ስልኳን አወጣች። ዋጃ ያሉ ዘመዶቿ ለዕቁብ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ እንዳላቸው ነገረቻቸው። ሰይዳ ቆቦ እንደገባች ወደ ሞባይል ጠጋኙ ሄዳ ግሩፕ አስከፈተች፤ ስሙን «ወንፈል» አለችው። አያ ወልደ ሚካኤልም የቁልፍ ስልካቸውን ትተው የሚዳሰሰውን ገዙ። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑን የሚነኩት ትኩስ ምጣድ እንደሚነካ ሰው ነበር።

ወንፈሉ ሠመረ። ጠዋት ሰይዳ በጥቁር ጨርቅ ላይ በልብስ ጠመኔ ሒሳብ ጽፋ ፎቶውን ትለቃለች፣ ከሥሩ በድምፅ ታስረዳለች፤ የመኪናዋ ትርታ በድምፁ ውስጥ ይሰማል። ከምሳ በኋላ የጥሩወርቅ እንግሊዝኛ ይመጣል። ከጀርባዋ የሚያዝዝ ደንበኛ ስለማይጠፋ ትምህርቱ መሀል «አንድ ጥብስ፣ ሁለት ሽሮ» የሚል ይገባል፤ እሷም ሳትደናገጥ በዚያው «ዋን ጥብስ፣ ቱ ሽሮ» ብላ ትተረጉመዋለች። ልጆቹ ከሰው ሁሉ ቀድመው የተማሩት ምግብ ማዘዝን ነው። የአያ ወልደ ሚካኤል ትምህርት ደግሞ ረጅም ነው፤ ስለ አንድ ምንጭ ሊያስረዱ ጀምረው ምንጩ የፈለቀበትን ተራራ፣ ተራራው ላይ የኖረውን ሰው፣ የሰውየውን በቅሎ ሳያነሱ አይጨርሱም። ልጆቹ በቅሎዋ ምን ሆነች እያሉ ይጠብቃሉ።

ሰይዳን ይበልጥ ያስደሰታት ሌላ ነገር ነው። ኢቅራ ጓደኛ አገኘች። ከሊድያ ጋር ተያይተው አያውቁም፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ በድምፅ ሲቀላለዱና ሲካሰሱ ይውላሉ። ናትናኤል መልሱን ከዋጃ በትግርኛ የተቀላቀለ አማርኛ ሲልክ ሁለቱ ይስቁበታል፣ እሱም ሒሳቡን ቀድሟቸው ሠርቶ ይበቀላቸዋል።

የዓመቱ ማብቂያ ላይ ተናኜ የምትባል መምህርት ቀሚስ ልታስጠብብ ሰይዳ ዘንድ መጣች። ቀሚሷ እስኪያልቅ ከኢቅራ ጋር ስትጫወት ቆየች፤ ስትጫወትም አንድ ሁለት ጥያቄ ጣል አደረገች። ከዚያ ወደ ሰይዳ ዞራ ይህች ልጅ ለምን ትምህርት ቤት አትገባም አለች። ሰይዳ አጥንቷን ነገረቻት። ተናኜም እሱ መላ አለው፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ክፍል ይሰጣታል፣ ደወል ሲደወል ከሁሉ ኋላ ትወጣለች አለች። ችግሩ የክፍሉ ደረጃ ነው። ነሐሴ ውስጥ የምደባ ፈተና አለ። ኢቅራ ተፈትና ካለፈች ከእኩዮቿ ጋር አምስተኛ ክፍል ትገባለች። ካልተፈተነች ግን መዝገቡ የሚያውቃት በሁለተኛ ክፍል ነው፤ ካቆመችበት ትጀምራለች።

ኢቅራ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። የወተት ጥርሳቸው እየወለቀ ካለ ልጆች ጋር ከምቀመጥ ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ስተክል ብኖር ይሻለኛል አለች። ሰይዳ ልጇን ታውቃታለች፤ ኢቅራ አንዴ ካለች አለች ነው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በዚያ ፈተና ላይ ተንጠለጠለ። ትምህርት ቤቱ የዋጃውንና የጎብዬዋንም ልጅ ለመፈተን ፈቀደ፤ ውጤታቸውን ይዘው በየአቅራቢያቸው እንዲመዘገቡ። ተናኜ ግሩፑ ውስጥ ገባች። ፈተናው ሐሙስ ጠዋት እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ሦስቱም ቤት ሐሙስን ይጠብቅ ጀመር።

አሁን ወደ ምርቃቱ እንምጣ። ሥራ ያለ ምርቃት አይጀመርምና አያ ወልደ ሚካኤል ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ጠዋት ጠዋት በድምፅ ይመርቃሉ። «ወጥታችሁ ግቡ፣ ማሽላችሁን ወፍ አይቅመሰው፣ የልጆቻችንን አጥንት ያጽናልን፣ ስልካችሁ ካርድ አይጣ» ይላሉ። ሰይዳ አሚን ትላለች። ጥሩወርቅ አሜን ትላለች። ልጆቹ ይከተላሉ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ምርቃት ይመጣል። አሚን። ደግሞ ሌላ። አሜን። ከሰነበተ በኋላ ምርቃቱ ከጠዋት አልፎ ቀትር ደረሰ፣ ከቀትር አልፎ ከብት መግቢያ። የሒሳቡ ፎቶ ከአሚን ሥር ይቀበራል፤ ናትናኤል ጥያቄ ቁጥር አራት የት ሄደ ሲል ከምርቃቱ በላይ ነው ይባላል።

ጥሩወርቅ አንድ ቀን ለብቻዋ ደውላ፣ «ሰይድዬ፣ እኒህን ሰው አንድ በያቸው እንጂ፣ ካርዴን አሜን ጨረሰው» አለቻት። ሰይዳ ደነገጠች። ሽማግሌ እየመረቀ በቃዎት ይባላል? ወሎ ውስጥ ተወልዶ እንዲህ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ቢበቃሽ አንቺው በያቸው ብትላት ጥሩወርቅም አፌን ያዘኝ አለች። ስለዚህ ሁለቱም አሚንና አሜናቸውን ቀጠሉ።

እንዲህ እንዳለ አረፋ መጣ። ሰይዳ የከተማውን ልጅ ሁሉ ልብስ ስትሰፋ ሰንብታ በበዓሉ ዕለት ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ትዞራለች። አያ ወልደ ሚካኤል በዓሉን ምክንያት አድርገው እንደ ክረምት ዶፍ ወረዱ። ለኢቅራ፣ ለአባቷ፣ ለአይሱዙው፣ ለአይሱዙው ጎማ መረቁ። በማግስቱም የተረፈውን ጨመሩ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሰይዳ አወጣ አድርጋ ሳታነብ አሚን ትጽፋለች፤ ወደ ላይ መለስ ብሎ ማን ያያል?

ሐሙስ ጠዋት ኢቅራ የአረፋ ቀሚሷን ለበሰች። ሰይዳ ጉድጓድ ሲያይ ፍሬን የሚይዝ ዝግተኛ ባጃጅ መርጣ ትምህርት ቤቱ በር ደረሱ። ጥሩወርቅና ናትናኤል ከዋጃ፣ አያ ወልደ ሚካኤልና ሊድያ ከጎብዬ ቀድመው ደርሰዋል። ዘበኛው ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ያያቸዋል እንጂ አይከፍትም።

«የምን ፈተና?» አላቸው። «ፈተናው ማክሰኞ አልፏል።»

ሰይዳ የሰማችውን አላመነችም። ተናኜ ተጠርታ መጣች፤ እሷም ገርሟት ኖሮ፣ ፈታኞቹ ለፍልሰታ ወደየአገራቸው ስለሚሄዱ ቀኑ ወደ ማክሰኞ እንደመጣ ግሩፑ ላይ ጽፌ ነበር፣ ሁላችሁም እኮ አሚን አላችሁ፣ ስትቀሩም ሐሳባችሁን የቀየራችሁ መስሎኝ ነበር አለች። ሰይዳ ስልኳን አወጣች። ወደ ላይ ገፋችው። አሚን። አሜን። አሚን። ለጎማው የተመረቀው ምርቃት። አሜን። አሚን። ሄዳ ሄዳ ከሁለት ምርቃቶች መሀል አንዲት ቀጭን መልእክት አገኘች፤ ፈተናው ወደ ማክሰኞ ጠዋት ተዛውሯል፣ እንዳታረፍዱ የሚል። ከሥሩ በራሷ በሰይዳ ስም አንድ ንጹሕ አሚን ተቀምጧል።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እንግዲህ ፈተናውን መርቀን ሸኘነው» አለች።

አያ ወልደ ሚካኤል ምን እንደተባለ ጠየቁ። ሰይዳ አነበበችላቸው። ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔም ደክሞኝ ነበር። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ቲማቲሜን አላረምኩም። ግን እናንተ አሚን አላቆማችሁም። አሚን እየተባለለት የሚያቆም መራቂ ምን ዓይነት ንፉግ ነው?»

«ውይ አያ!» አለች ሰይዳ። «እኛ ደግሞ አንቱ ሳያቆሙ አሚንን ማቋረጥ ነውር ነው ብለን እኮ ነው።»

ነገሩ ያን ጊዜ ለሁሉም ተገለጠ። ፊት ለፊት ሲሆን መራቂው እጁን ይዘረጋል፤ ሲጨርስ እጁን ያጥፋል፤ ሁሉም አይቶ በአንድ ላይ ያበቃል። በስልክ ግን እጅ አይታይም። እሳቸው አሚኑ እስኪያበቃ ሲጠብቁ፣ እነዚያ ምርቃቱ እስኪያበቃ ሲጠብቁ፣ ሁለቱም ወገን በትሕትና ተጠማምደው ክረምቱን ፈጁት። ጥሩወርቅ መሳቅ ጀመረች። ዘበኛው ሳቀ። ሰይዳ ሳቅና ዕንባ ተቀላቀለባት።

ከልጆቹ ወገን ደግሞ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ሊድያ ክራንቿን እየተከለች ወደ ኢቅራ ቀርባ፣ አንቺ ነሽ አለቻት። ድምፅሽ ወፍራም ስለሆነ ትልቅ ትመስይኝ ነበር አለቻት። ኢቅራ እጇን ያዘችና ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ፣ ሁለተኛ ክፍል አልገባም» አለች፤ አላለቀሰችም፣ ድምፅዋንም አላነሳችም። ሰይዳ ብታለቅስላት ይቀላት ነበር።

አያ ወልደ ሚካኤል ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉ። «የዚህ ቤት አለቃ የት ነው?» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጧቸው፣ ነገሩን ሰሙ፣ አዘኑም። ሆኖም ፈተናው ታርሟል፣ ፈታኞቹ ተበትነዋል፣ ለእናንተ ብከፍት ነገ ሌላው ይመጣል፣ ደንብ ደንብ ነው አሉ። ጥሩወርቅ ልትከራከር አፏን ስትከፍት አያ ወልደ ሚካኤል በእጃቸው መለሷት። ልክ ነህ ልጄ፣ ደንብ ይከበራል አሉ። ከዚያ ተነሡ። እንግዲህ እንሰናበትህና መርቄህ ልሂድ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ ተቀምጦ የሚጠብቅ የለም። ርዕሰ መምህሩ ተነሡ፤ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ተናኜም ተነሣች፣ በር ላይ የቆመው ዘበኛም ተስተካከለ።

«ይህን ቤት የዕውቀት ቤት ያድርግልህ።»

«አሜን» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ያስተማርካቸው ለወግ ለማዕረግ ይብቁልህ።»

«አሜን።»

«በርህን የረገጠ ሰው አፍሮ አይመለስ።»

«አሜን።»

«የዘገየውን መንገደኛ ሳይመሽበት የሚያስገባ አምላክ፣ የዘገዩትን ሦስት ልጆች በአንተ እጅ ለፈተናቸው ያብቃቸው።»

«አሜን» አሉ ርዕሰ መምህሩ፤ ካሉ በኋላ ምን እንዳሉ ገባቸው። ተናኜ ፊቷን በመስኮቱ መጋረጃ ሸፈነች። የሽማግሌው እጆች ግን እንደተዘረጉ ናቸው።

«አያ፣ ቀስ ብለው አጠመዱኝ እኮ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«እኔ ምን አደረግሁ? አሜን ያልከው አንተ። ልቀጥል?»

ርዕሰ መምህሩ ይስቁ ጀመር። የለም፣ ይብቃ፣ እጅዎን ይጠፉ ብለው ተናኜን ጠሩና አዲስ ጥያቄ አውጥታ ቅዳሜ ጠዋት ራሷ እንድትፈትናቸው አዘዙ፤ ለሌላ ሰው ግን እንዳትናገሩ፣ እኔ አላየሁም አልሰማሁም አሉ። አያ ወልደ ሚካኤል እጃቸውን አጠፉ። ሰይዳ እጅ ሲታጠፍ ያን ያህል ደስ ብሏት አያውቅም።

ቅዳሜ ሦስቱ ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተፈተኑ። ሰይዳ ከውጭ ሆና ኪሷ ውስጥ ያገኘችውን ክር ስትጠመጥምና ስትፈታ ዋለች። ከፈተናው በፊት አያ ወልደ ሚካኤል አንድ አጭር ምርቃት ብቻ ሰጡ፤ ግሩፑም ሕግ ወጣለት። ከእንግዲህ ምርቃት የሚያበቃው እሳቸው የተጋጠሙ ሁለት እጆች ምስል ሲልኩ ነው፤ ምስሉን ያየ ሰው አንድ አሚን ብሎ ይዘጋል። ምስሉን ከስልኩ ውስጥ ፈልጋ ያሳየቻቸው ሊድያ ናት። እሳቸውም ይኼ ከመጀመሪያ ቢኖር ቲማቲሜ ባልተበላሸ ነበር አሉ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሌላ ጉድ ሆነ። ተናኜ ግሩፑ ላይ ጻፈችው። ሰይዳ አየችው፣ ኢቅራን አቅፋ በረንዳው ላይ አለቀሰች፣ ስልኩን ግን አልነካችም፤ አሚን ብትል መልእክቱ ይቀበራል ብላ ፈራች። ጥሩወርቅም እንደዚያው ፈራች። አያ ወልደ ሚካኤልም። ግሩፑ ጸጥ ረጭ አለ። ተናኜ ብትጠብቅ ብትጠብቅ መልስ የለም፤ ተናድዳ ለሰይዳ ደወለችና፣ «ምን ሆናችሁ ነው? ልጅሽ አምስተኛ ክፍል አልፋለች ብዬ ስጽፍ የሚመልስ ይጥፋ?» አለቻት። ሰይዳ፣ «ወላሂ አይቼዋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ እየጠበቅሁት ነው» ብላ መለሰችላት።

ሊድያም አምስተኛ ክፍል ደረሳት። ናትናኤል በአንድ ክፍል ዝቅ ብሎ አራተኛ ተባለ፤ ሲያኮርፍ ቆይቶ ከአያ ምርቃት ውስጥ የእኔ ድርሻ አንሷል ብሎ ከሰሳቸው። እሳቸውም እውነቱን ነው ብለው ለብቻው ደውለው መረቁት።

ይህን ስትነግረኝ ሮቢትን አልፈን ቆቦ ተቃርበን ነበር። ኢቅራ አሁን ከበሩ አጠገብ ባለው ክፍል ትማራለች። ደወል ሲደወል ከሁሉ ኋላ ትወጣለች፤ አብራት የምታዘግም አንዲት ልጅም አግኝታለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ ታዲያ ያ ዳቦ ለማን ነው የሚቆረሰው ብዬ ጠየቅኋት። ስልኳን አሳየችኝ። ከመርሳ፣ ከሐራ፣ ከአላማጣ የገቡ ቤቶች አሉ፤ አንዷ ልጇ ኩላሊቷ ደክሞ ዲያሊስስ ላይ ናት፣ አንዱ ዓይነ ስውር ልጁን በድምፅ ብቻ ያስተምራል። ወንፈል የበላ ሰው የራሱ ማሳ ታረመልኝ ብሎ ይቀራል እንዴ አለችኝ።

ስልኳ ጮኸ። የሐራዋ ልጅ መልሷን ልካለች፤ ስምንት ቦታ ከተቆረሰው አራቱ ቀርቶኛል፣ እሱም ግማሽ ነው፣ ወንድሜ ግን አሁንም አኩርፏል ትላለች። ሰይዳ እየሳቀች ጎበዝ ብላ መለሰችላት።

ቆቦ መናኸሪያ ወርደን የክርና የዚፕ ፌስታሏን ባጃጁ ላይ ጫንኩላት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ያየናል። ሰው እንዲህ ካጫወተ በኋላ ዝም ተብሎ አይሸኝም። ልጅሽን ያሳድግልሽ አልኳት። አሚን አለች። ባልሽን በሰላም ያስገባልሽ አልኳት። አሚን። እጅሽን ይባርከው፣ መኪናሽ መርፌ አይስበር አልኳት። አሚን ብላ አንድ እግሯን ባጃጁ ውስጥ አስገባች፤ እኔ ደግሞ አፌን ልከፍት ስል አየችኝ።

«አሚን፣ ወንድሜ። አሁን ግን እጅህን እጠፍ፣ ባጃጁ ሊሄድብኝ ነው።»